የአባቴ ቀብርና የመቀሌው አውሮፕላን

አባቴ የሞተ ቀን ሰማዩ ሙሉ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን፣ በዚያ ላይ የሠርግ ወር። ጣራ ላይ ወጥቼ ቀና ስል ጭልፊት የምንላቸው በራሪ መኪኖች በየመስመራቸው ተሰድረው ይሄዳሉ፤ አንዱ አንዱን አይጠጋም፣ አንዱም ተራውን አይስትም። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ያን ዕለት ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ ብቻውን እንዳይቀበር።

በእኛ ከተማ በቀርሳ ማዶ ሰው ብቻውን መቀበር ከጀመረ ቆይቷል። ለቀስተኛን የከለከለ የለም። እድሩ አለ፣ መልእክቱ ይመጣል፣ ቀባሪውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ጣራው ላይ ይወጣል። ችግሩ ተራው ነው። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ጭልፊቱ ይሳፈራል፤ ተራ አስከባሪው ደግሞ ሬሳ አያውቅ፣ ሠርግ አያውቅ፣ ሁሉንም ባገኘው ክፍተት ይሰካዋል። ከሬሳው ኋላ የሽንኩርት ጭነት ይገባል፣ ከሽንኩርቱ ኋላ ተማሪ፣ ከተማሪው ኋላ ሙሽራ፣ ከዚያ አንድ ለቀስተኛ። የመጀመሪያው ሲደርስ ጉድጓዱ ክፍት ነው። የመጨረሻው ሲደርስ አፈሩ ደርቋል።

ተራ አስከባሪ የምንለው ሰው አይደለም፤ ድምፅ ነው። ድሮ መናኸሪያ ውስጥ ተራ የሚያስከብሩ ጎረምሶች ነበሩ ይል ነበር አባቴ። ይሰድቡሃል፣ ትሰድባቸዋለህ፣ በመጨረሻ አብራችሁ ትስቃላችሁ። ይሄኛው አይሰደብም። "ርቀትዎን ይጠብቁ፤ እናመሰግናለን" ይላል፣ አለቀ።

እናቴን የቀበርናት እንደዚያ ነው። መቃብሩ ላይ እኔ፣ አባቴና የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረ ሕይወት ብቻ ነበርን። ጎረቤታችን ሄራን የመጣችው እኛ ስንመለስ ነው። አየር ላይ ተላለፍን። በመስታወቱ ውስጥ ደረቷን ስትደቃ አየኋት፤ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት ቡና የተጠራራች ሴት እኮ ናት። አባቴ ዞር ብሎ እስክትጠፋ ድረስ አያትና፣

"ሶል፣ ይሄ ቀብር ነው ወይስ ዕቃ ማድረስ?" አለኝ።

"ምን እናድርግ አባዬ፣ ሕጉ ነው።"

"ለኔ እንዲህ እንዳታደርጉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳጠጋጋ የኖርኩ ነኝ።"

እውነቱን ነው። አባቴ ጋሽ ናሆም መንገድ በነበረ ጊዜ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ሕፃን ሆኜ ጋቢና ውስጥ፣ በሱና በሌላ ተሳፋሪ መሃል ተሸጉጬ ሄጃለሁ። የቤንዚኑ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በሩ በገመድ ይታሰር ነበር፣ መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ዝናብ ከመጣ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ይከመራል። ረዳቱ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ!" ይላል። ሰዉ ያጉረመርማል፣ ግን ይጠጋል። አንዷ የሌላዋን ልጅ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ሳይተዋወቁ ገብተው የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ተጠያይቀው ይወርዳሉ።

ከዚያ ጭልፊቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። መናኸሪያው ፈርሶ የአውሮፕላን ማረፊያው ጫፍ ሆነ። አስፋልቱ ተነቅሎ ሽንኩርት ተዘራበት፣ በየሰፈሩ ያለው መተላለፊያም እየተሸጠ አጥር ሆነ። አባቴ ሥራ ሲያጣ እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደብተር አልያዝኩም። አሁን የጭልፊቶቹ ጣቢያ ጣራ ላይ ጉሊት አለኝ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ሄራን ቤት ለመሄድ፣ ግድግዳችን አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ተራ እይዛለሁ። ጣራ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው። በርበሬ ማስጣት በመረብ ሥር ካልሆነ ክልክል ነው። ለምደነዋል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እኔ ያልለመድኩት ያንን የሄራንን አፍ ነው።

አባቴ ያረፈው ጠዋት ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ዮናታን ወዲያው መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ትእዛዝ ከሚጥስ ጥርሱን ቢነቅል ይመርጣል።

"እትዬ ሶልያና፣ ተራ ተይዟል" አለኝ። "ሬሳው ከቀትር በኋላ ይነሳል። ለቀስተኛው እንደየተራው ይከተላል።"

"አብረን ነው የምንሄደው።"

"እንዴት አብረን?"

"አብረን ነዋ! ሬሳው ከፊት፣ ሰዉ ከኋላ። መሃላችን ሽንኩርት ሳይገባ።"

"አንቺ ሽንኩርት ሻጭ አይደለሽ እንዴ? ዛሬ ምን አስጠላሽ?"

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ነው፤ ከኋላው የቆሙት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። እኔም ልስቅ ነበር።

"ዮናታን፣ ነግሬሃለሁ" አልኩት።

"እኔም ነግሬሻለሁ። ያ መስመር የማረፊያውን አጥር ታክኮ ነው የሚሄደው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚወርዱበት ነው።"

ቄስ ገብረ ሕይወትን ጥግ ይዤ ለመንኳቸው። ድሮ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ እያሳረፉ ፍትሐት ይደረግለት ነበር። ሬሳው ይወርዳል፣ ካህኑ ያደርሳል፣ ኋላ የቀረው ሰው በዚያ መሃል ይደርሳል፣ ይሰበሰባል። ጭልፊት ከመጣ ወዲህ ሰባቱም ተጠቃልሎ ቤት ውስጥ ይደረጋል።

"አባ፣ አንዴ ብቻ መንገድ ላይ ያሳርፉልኝ።"

"መንገዱ የታለ ልጄ?"

"ሰማዩ ላይ።"

"ሰማይ ላይ ምን ላይ ይታረፋል?" አሉ። ጺማቸውን ዳበሱ። "ናሆም እኮ በሱ መኪና ስሄድ አንድም ቀን ከኔ አስቀድሞ ሰው አስገብቶ አያውቅም። 'ካህን ጋቢና ነው' ይል ነበር።" ከዚያ በኋላ እንቢም እሺም አላሉ። እኔ እሺ ብዬ ያዝኩት።

ከቀትር በኋላ ተነሳን። በእድሩ የሬሳ ጭልፊት ውስጥ እኔ ከፊት፣ ቄሱ ከሳጥኑ ጋር ከኋላ ነን። ከፊት የሚቀመጥ ሰው ሥራ የለውም፤ ቀዩን ማንሻ መጠበቅ ብቻ ነው። እሱን የሚስቡት አደጋ ሲመጣ ነው። ከሳቡት ጭልፊቱ ባለበት ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ተራ አስከባሪው አያዝበትም፤ በእጅ ነው የሚገፋው።

ከኋላችን ሽንኩርት ገባ። ከሽንኩርቱ ኋላ ሄራን ብቻዋን። ከሷ ኋላ የማላውቀው ሰው፣ ከዚያ አቶ ዮናታን፣ ከዚያ ሙሽሮች፣ ከዚያ የጉሊት ባልደረቦቼ አንድ በአንድ፣ ከተማውን አካልሎ እስከማይታይ ድረስ። አየሩ ጥርት ያለ ነው። ከታች ድሮ መንገድ የነበረው ቦታ በሽንኩርቱ አረንጓዴ ይታወቃል፤ መንገዱ እንደሚጠመዘዝ ሽንኩርቱም ይጠመዘዛል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳው መታጠፊያ ነበር።

የማረፊያው አጥር ጋ ስንደርስ መናኸሪያው የነበረበትን አወቅሁት። ከድሮው የቀረ አንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ፤ ረዳቶቹ ሥሩ እየተቀመጡ ምሳ የሚበሉበት።

ማንሻውን ሳብኩት።

ጭልፊቱ ቆመ። ሽንኩርቱ ጎናችንን ዞሮ አለፈ። "ርቀትዎን ይጠብቁ" አለ ድምፁ። ቄስ ገብረ ሕይወት ከኋላዬ መጽሐፋቸውን ሲገልጡ ሰማሁ። ፍትሐቱን ጀመሩ።

በእድሩ መነጋገሪያ ሄራን ጮኸች። "ሶል! ቆምሽ እንዴ? ተበላሸብሽ?"

"አልተበላሸም። ፍትሐት ነው።"

ተራ አስከባሪው እሷንም በጎኔ አዙሮ ሊያሳልፋት ሲል ታየኝ።

"እኔም ቆሜያለሁ" አለች።

"ኧረ እናንተ ሴቶች!" አለ አቶ ዮናታን። "ኧረ ትልልቆቹ ይወርዳሉ! ሄራን፣ ማንሻውን መልሺው!"

"አንተ እለፍ" አለችው። "መቃብሩ ላይ ብቻህን ትጠብቀናለህ።"

ከዚያ አንድ በአንድ መቆም ተጀመረ። የጉሊቶቹ ሴቶች ቆሙ። የማላውቃቸው ሰዎች ቆሙ፤ በኋላ ሲነግሩኝ አባቴ ትምህርት ቤት ያደርሳቸው የነበሩ ናቸው። ግን የቆሙት እዚያና እዚህ ተበታትነው ነው፤ ያው በየርቀታቸው። ይህን ሳይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መነጋገሪያውን ይዤ እንደ አባቴ ረዳት ጮህኩ።

"ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ በሉ! ለኋለኛው ቦታ ስጡ!"

በእጃቸው እየገፉ ተጠጉ። ማንም በእጁ ነድቶ አያውቅም፤ እንደ ሰከረ ሰው እየተወላገዱ፣ እየተጋጩ፣ ይቅርታ እየተባባሉ መጡ። ሄራን መስታወቷን አወረደች። አየር ላይ መስታወት የሚያወርድ የለም። ሌሎቹም አወረዱ። ድምፅ ገባ! የሰው ለቅሶ በሙሉ ድምፁ፣ ከግራም ከቀኝም። ሄራን ከወገቧ በላይ ወጥታ ሙሾ አወረደች፦

"ሁሉን አሳፍሮ ሁሉን ሲያደርስ ኖሮ፣
ዛሬ ግን ተሳፈረ ላይመለስ በሮ።"

አቶ ዮናታን መጨረሻ ላይ መጣ። "እዚህ ጋ ቦታ አለ?" አለ፣ እያለቀሰ።

እንዲህ ተጠጋግተን ሳለ ነው ክባችን እየሰፋ ከመስመራችን ወጥቶ ወደ ማረፊያው በኩል የተለጠጠው። ከውጭ በኩል፣ ወደ ማኮብኮቢያው የቀረበችው ሄራን ናት። የሚመጣውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከመቀሌ የመጣ ትልቅ አውሮፕላን ጎማውን አውርዶ በቀጥታ ወደሷ ይወርዳል።

"የመለያያ ርቀት ጠፍቷል" አለ ተራ አስከባሪው። ድምፁ ከሌላው ቀን አልተለየም። "የመለያያ ርቀት ጠፍቷል።"

"ሄራን! ወደ ውስጥ ግቢ!"

"የት ልግባ? ቦታ የለም!"

"ጠጋ በሉላት! ባካችሁ ጠጋ በሉላት!"

ጠጋ አሉላት። የብረት መንጓጓት ሰማሁ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ሞተሩ አገሳ፣ ጭልፊታችን እንደ ቅል ተወዛወዘ። በላያችን ሲያልፍ የመስኮቶቹን ረድፍ አየሁ፤ በመስኮቶቹ ውስጥ የሰው ጥላ። ከዚያ ሰማይ ብቻ።

ፈራሁ። አልዋሽም። ዞር ስል ቄስ ገብረ ሕይወት ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ወድቋል፣ ጸሎቱን በቃላቸው እየጨረሱ ነው።

ተራ አስከባሪው ማረፊያውን ዘጋ፣ ሌላውን ጭልፊት ሁሉ በየጣራው አሳረፈ። በቀርሳ ማዶ ሰማይ ላይ የቀረነው እኛ ብቻ ሆንን። እስከ መድኃኔ ዓለም ድረስ አብረን ሄድን፤ ሬሳው ከፊት፣ ሰዉ ከኋላ። በመሃላችን ምንም አልገባም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ቆምን፤ አፈሩን ለመመለስ ወንዶቹ አካፋ ተሻሙ። የአባቴ ቀብር ይህ ነው።

ከሳምንት በኋላ ምርመራ ቢሮ ተጠራሁ። አቶ ዮናታን በር ላይ ጠብቆ "ማንሻው ተበላሸ በይ፣ በቃ፤ እኛም እንደዚያ እንላለን" አለኝ።

"አልልም።"

"ለምን?"

"ተበላሸ ካልኩ ከአባቴ ጋር ሰው የሄደው በብልሽት ነው ማለት ነው።"

ኢንስፔክተሯ ኬብሮን ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ጠረጴዛው ላይ የዚያን ቀን በረራ የሚያሳዩ ብዙ ነጥቦች ከፈተችልኝ። አንዷ ነጥብ አባቴ ናት። ሌሎቹ ሲሰበሰቡ፣ ትልቋ ነጥብ ስትመጣ፣ ሄራንን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት አየሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ከሰማዩ ይበልጥ አስፈራኝ።

"ሰው ሊያልቅ ነበር፣ እትዬ" አለች።

"አዎ ልጄ። አልክድም።"

"እንደገና ቢሆን?"

"ሌላ ቦታ አቆም ነበር። መቆሙን አልተወውም።"

"አንድ ያልገባን ነገር አለ" ብላ ሌላ ምስል ከፈተች። የአውሮፕላኑ ውስጥ ነው። ተሳፋሪው ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ከዚያ ቀበቶውን ፈቱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ተነሱ። አጠገባቸው ያለችው ሴት እሳቸውን አየች፣ ውጭውን አየች፣ ተነሳች። ከኋላ ሌላ ሰው ተነሳ። አስተናጋጇ "ተቀመጡ! ተቀመጡ!" ትላለች፤ ግማሹ አውሮፕላን ቆሟል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ያን ጊዜ አፍንጫው ቀና አለና የቆመው ሁሉ ወደ ኋላ ወደቀ። ሽማግሌው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ።

ድሮ ቀብር ሲያልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ይቆም ነበር። ባለሱቁ ከባንኮኒው ይወጣል፣ ኳስ የሚጫወቱት ኳሱን ይይዛሉ። ይህን ካየሁ ስንት ዘመን ሆነኝ! የሚያልፍ ቀብር ራሱ አልነበረም።

"የምርመራ መሣሪያው ለምን እንደተነሱ 'ምክንያቱ ያልታወቀ' ብሎ ጽፏል" አለች ኬብሮን።

"አንቺስ አላወቅሽውም?"

ምስሉን አጠፋችው። "አያቴ ታደርገው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ግን የምጽፍበት ቦታ የለውም።"

ሌሎቹ ለጥቂት ወራት ታገዱ። እኔ ለዘላለም። የትኛውም ጭልፊት አያሳፍረኝም። ጣራ ላይ ያለውን ጉሊቴንም ለሄራን ሰጠሁ። ፍርዱን አልጠላሁትም፤ ተገቢ ነው። ያልተገባው የዚያ ሽማግሌ ጭን ነው።

ስለዚህ በእግሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ከማረፊያው ማዶ ነው። በሽንኩርቱ መሃል፣ በአጥር ሥር እየሾለክሁ፣ ውሻ እየተከተለኝ፣ ሰው በየጣራው ላይ ሆኖ ወደ ታች እያየኝ ሄድኩ። ጠዋት ተነስቼ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ዘበኛው ከመሬት በኩል የመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ በየት እንደሚያስገባኝ ግራ ገባው።

ሽማግሌው ጋሽ ኪሩቤል ይባላሉ። ከመቀሌ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነው። እግራቸው ተሰቅሏል። የያዝኩትን ብርቱካን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩ።

"እግዜር ይማርዎት አባቴ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሬሳውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺ ነሻ!" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ በአየር ላይ ያስጨፈርሽኝ!"

"እኔ ነኝ።"

"ይሄን ጭቃሽን ይዘሽ አልጋዬ ላይ እንዳትወጪ። ወንበሩን ሳቢ።"

ሳብኩና ተቀመጥኩ። ልወረፍ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን የልጃቸውን ነገር አነሱ።

"ልጄ በየቀኑ እየመጣ ይጨቀጭቀኛል" አሉ። "'አባዬ፣ ለማታውቀው ሰው ምን አስነሳህ?' ይለኛል። እንዲያው ሰው ተሰብስቦ ሲያለቅስ ሳይ እግሬ ራሱ ተነሳ። ለመሆኑ ማን ነበር?"

"አባቴ ነው። ናሆም ይባላል።"

በክርናቸው ተደግፈው ቀና ሊሉ ሞከሩ። ሕመሙ ፊታቸው ላይ ታየ። "ተዉ አባቴ፣ ይተኙ" ብላቸውም አልሰሙኝም፤ የቻሉትን ያህል ተነሱ።

"ነፍስ ይማር" አሉ። "እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ለቅሶ ሳልደርስሽ፣ አንቺ ቀድመሽ ታማሚ ጠየቅሽ። በይ እንግዲህ አሁን ልድረስሽ። ሥራው ምን ነበር?"

"ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ወፍጮ ቤት።"

"ዳገት ነበረው መንገዱ?"

"ነበረው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደረስ።"

"ዝናብ ሲሆን ሰው ወርዶ ይገፋ ነበር?"

"ይገፋ ነበር። ሴቱም ወንዱም። አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ 'ትንሽ ቀረን!' እያለ ይዋሻቸው ነበር።"

ሳቁ። ሳቁ እግራቸውን አሳመማቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሳይገልጡት እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። ያዝኩት።

"በይ ንገሪኝ" አሉ። "እዚያ ዳገት ሥር ስትደርሱ ማን ማን ነበር የሚወርደው?"